የእኔ 60 እና ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ብልሃት

ፒያሳ ላንድክሩዘር 60 መኪናዬን አቁሜ ማኪያቶ ልጠጣ ስወርድ ሰው ሳያናግረኝ ያለፈበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንዱ "ትሸጣታለህ?" ይላል። ደላላ ነው። ሌላው ኮፋኖዋን በእጁ መታ መታ ያደርግና "ይሄ እኮ ብረት ነው፤ የዛሬዎቹ ቆርቆሮ ናቸው" ብሎኝ ይሄዳል። ሦስተኛው ምክር ይዞ ነው የሚመጣው። ጎማዋን አሳድጋት፣ ከፍ አድርጋት፣ ከፊት ዊንች ግጠምላት፣ ጣሪያዋ ላይ መብራት ደርድርባት፣ ሞተሯን አውርደህ ቱርቦ ያለው ጫንባት። ማኪያቶው ሳይቀርብ ሌላ መኪና ሠርተውልኝ ይጨርሳሉ።

አልከራከራቸውም። ስገዛት እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበርና። ስልኬ ውስጥ አውስትራሊያ በረሃ ላይ የተነሡ ላንድክሩዘሮች ፎቶ ሞልቶ ነበር። አሁን ዓመታት አልፈዋል፤ የጨመርኩባት ነገር ቢቆጠር ሁለት ቢሆን ነው። የቀረው ጊዜና ገንዘብ ያለቀው ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች "አሻሽለናት" ያሉትን በመፍታት ነው።

ስለ እሷ ትንሽ ልንገራችሁ። ላንድክሩዘር 60 ናት። ቶዮታ ይህን ሞዴል የሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1990 ነው፤ የእኔዋ የ1987 ናት። ሞተሯ 2ኤች የሚባለው ናፍጣ ነው። ስድስት ፒስተን፣ 3,980 ሲሲ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ የሚበጠስ የታይሚንግ ቺንጋ እንኳን የለው፤ ጥርስ ለጥርስ ነው የሚዞረው። የመጀመሪያ ባለቤቷ የእርዳታ ድርጅት ነበር። በጨረታ ወጥታ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች። ግን ወደ አመሻሹ ላይ ፀሐይ በአግድም ስታርፍባት በግራ በሯ ላይ ከቀለሙ ሥር የድሮው ተለጣፊ ምልክት ክብ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደስ አላለኝም ነበር። አሁን ለእንግዳ የማሳየው እሱን ነው።

የገዛኋት ጥቅምት 2013 ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ሰሞን። ሻጩ "ሞተሯ ቀዝቃዛ ናት፤ ሙቀት የሚባል አታውቅም" አለኝ። ምስጋና መሰለኝ። እውነትም ከሰባ ደረጃ ተነሥቼ ካዛንቺስ ቢሮዬ እስክደርስ የሙቀት ጠቋሚዋ ከታችኛው መስመር ንቅንቅ አትልም። ጭሷ ነጭ፣ ድምፅዋ ሻካራ፣ ናፍጣ አጠጣጧ የሠርግ ቤት። አሮጌ ናት ብዬ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼን ጭኜ እንጦጦ ልወጣ ተነሣሁ። ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ያ ዳገት። ግማሹን ሳልጨርስ ያቺ ሙቀት የማታውቅ ሞተር ጠቋሚዋን ቀዩ ላይ ሰቀለችው። ዳር ይዤ አጠፋሁ። ሁለት መንገደኛ ወዲያው መጥተው "ክዳኑን ክፈትና ውሃ ጨምርባት" አሉኝ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን በእንፋሎት መታጠብ ነው። አርባ ደቂቃ ቁጭ ብለን በቆሎ በላን።

ሰኞ ወደ ጋሼ ወሰድኳት። ጋሼ አብነት አካባቢ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው፤ ከጣሊያን ቤት የወረሱትን የጋራዥ አማርኛ የሚናገሩ፣ ካቻቢቴውን ከጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚፈልጉ ሰው። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን የውሃ ማለፊያ ክዳን ሁለት ብሎን ፈትተው አነሡና ጣታቸውን ከተው ፈተሹ።

"የለም" አሉ።

"ምኑ ጋሼ?"

"ቴርሞስታቱ ነዋ። አውጥተው ጥለውታል።"

ይህ የከተማችን ጥንታዊ ሕክምና ነው። መኪና ሞቀ? ቴርሞስታት አውጣ። ቴርሞስታት ትንሽ በር ናት፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ተዘግታ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትከለክላለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። ስለዚህ "በሯን ብናስወግዳት ሁሌ ክፍት ነው፣ አይሞቅም" የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ያሳምናል። ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ናፍጣ ሞተር መሞቅ አለበት፤ በብርድ የሚሠራ ሞተር ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ሁለተኛው ነው የገረመኝ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ይህች በር ወደ ራዲያተር ስትከፍት በዚያው እንቅስቃሴዋ ሌላ አቋራጭ መንገድ ትዘጋለች። ስትወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ የሞቀ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ሜዳ ላይ ችግር የለም። ዳገት ሲመጣ ግን ያው እንጦጦ ላይ እንዳያችሁት ነው። ሙቀትን ፈርተው ያደረጉት ነገር ራሱ አሞቃት ማለት ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ገዝቼ ስመጣ ጋሼ "ሳትሞክረው እንዳታስገባው፤ አዲስ ሁሉ አዲስ አይደለም" ብለው አስጠነቀቁኝ። ቤት ወሰድኩት። ድስት ላይ ውሃ ጣድኩ፣ ቴርሞስታቱን በሽቦ አንጠልጥዬ ከተትኩ፣ ቴርሞሜትር ያዝኩ። ጠርዙ ላይ 82 የሚል ተቀርጾበታል፤ በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል ማለት ነው። እማዬ ገብታ ድስቷን አየች።

"ምንድን ነው የምትቀቅለው?"

"የመኪና ዕቃ።"

"በሽሮ ድስቴ?"

መልስ አልነበረኝም። ውሃው 70 አለፈ፣ 78፣ 80። 83 ላይ መሐሏ ያለችው ሳህን ቀስ ብላ፣ እንደ እንቅልፋም ዓይን፣ ተገለጠች። እማዬም ጎንበስ ብላ አየችው። "ራሱ ነው የሚከፍተው?" አለች። ራሱ ነው፤ ውስጡ ሰም አለ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ያብጥና ይገፋዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃው ፈላ። በእኛ ከተማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን የሚባለው ርካሽ ነገር እዚህ አገር የሚከበር ዕቃ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው እሱ ነው። ላስቲኩ ካለቀ ያንን ሥራ የሚሠራ የለም። ድስቱን በሦስት ውሃ አጥቤ መለስኩ። እማዬ ግን ሽሮ አልሠራችበትም፤ የልብስ ማፍያ ሆኖ ቀረ።

ቴርሞስታቱ ከገባ በኋላ ጠቋሚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሐል ላይ ቆመች። ካዛንቺስ ስደርስ እጄን የሚያሞቅ አየር ከዳሽቦርዱ መጣ። ሂተር እንዳላት እንኳን አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ዳገት ላይ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ነበር። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ ከኋላዬ ያለው ሰው መስኮቱን ሲዘጋ በስፖኪዮ አየዋለሁ። ያሳፍራል። እዚህ ላይ ስለ ከፍታችን ማውራት አለብኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው፤ ስለዚህ ከፋብሪካ 100 ፈረስ ገደማ ይዞ የወጣው 2ኤች እዚህ 80 ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የቀድሞው ባለቤት "ጉልበት አነሳት" ብሎ ሲያማርር አንድ ሰው ለሞተሩ ናፍጣ የሚመጥነው ፖምፓ ላይ ያለውን ብሎን አዙሮ ናፍጣ ከፍቶለታል። ፋብሪካው ያሸገበት ሽቦ ተቆርጦ ነበር፤ የተቆረጠው ጫፍ እንኳን ዝጓል። ነገሩ ግን የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። እንጀራው ባለበት ወጥ መጨመር አያጠግብም። የተረፈው ናፍጣ ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ፖምፓና ኖዝል የሚሠሩ ሰዎች ጋ ወሰድነው። ፈተው ሲያሳዩኝ የወደድኩት ነገር አለ። የዚህ ፖምፓ መቆጣጠሪያ ናፍጣውን የሚመጥነው በአየር ስበት ነው፤ ስበቱን የሚቀበለው ደግሞ ከቆዳ የተሠራ ክብ ነገር ነው። ቆዳ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ናፍጣ አጠገብ የኖረ ቆዳ። ደርቆ ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል። ሲሰነጠቅ ስበቱ ያመልጣል፤ ፖምፓው ሹፌሩ ሙሉ የረገጠ ይመስለውና ናፍጣውን ይለቀዋል። አንደኛው ጥፋት ላይ ሁለተኛውን ደርበው ነበር። ቆዳው ተቀየረ፣ ብሎኑ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ኖዝሎቹ ተፈተሹ። በሊትር አምስት ተኩል ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው ሰባት ተኩል ገባች። ጉልበቷም አልቀነሰም። እንዲያውም የጨመረ መሰለኝ፤ ጋሼ "የመሰለህ ነው" አሉኝ።

አሁን ወደ ቁመቷ እንምጣ። ይህን ስናገር አንዳንድ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። ስገዛት ቁመቷ ነበር የማረከኝ። ከሌሎች 60ዎች አንድ ስንዝር ገደማ ከፍ ትላለች። በኋላ ሥሯ ስገባ የከፍታውን ምሥጢር አየሁት፦ የጭነት መኪና ባሌስትራ ቆርጠው ደርበውባታል፣ ባሌስትራውን ከሻንሲው የሚያያይዘውን ብረት አስረዝመዋል፣ በላዩ 33 ኢንች ጎማ ጭነዋል። ከሩቅ አንበሳ ትመስላለች። ከውስጥ ግን የኮብልስቶን መንገድ ላይ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ከ70 በላይ ስነዳ መሪዋ ግራ ቀኝ ይዋልላል፤ ትራስሚሲዮኑ፣ ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ፣ በተጣመመ አንግል ስለሚሠራ መጋጠሚያውን ክሮቼራ በዓመት ሁለቴ እቀይራለሁ። ጎማው ከልኩ ስላለፈ ፍጥነት መቁጠሪያው 60 ሲል እኔ 64 ላይ ነኝ። ያቺ 80 ፈረስ ደግሞ ትልቅ ጎማ ማሽከርከር ተጨምሮባታል፤ ዳገት ላይ ማርሽ አንድ ደረጃ ዝቅ ሳላደርግ አልወጣም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ፍሬኗ ነበር። ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አለች። ጭነት ሲኖር የመኪናው አካል ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ቫልቯ ይህን አይታ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ትሰጣለች። ባዶ ሲሆን ይርቃል፤ ትቀንሳለች። ታዲያ መኪናዋን በስንዝር ብታነሷት ቫልቯ ምን ታስባለች? ሁሌ ባዶ ናት ብላ ታስባለች። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ጭኜ ቸርችል ጎዳናን ስወርድ የኋላ ፍሬኔ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት አልነዳኋትም።

አወረድናት። ባሌስትራው ወደ ልኩ ተመለሰ፤ አንጥረኛ ጋ ወስደን የረገበውን ቅስቱን አስመለስን። ጎማውን በ7.50 አር 16 ቀየርኩት። ቀጭን ነው፤ ለፎቶ አይሆንም። ግን ጭቃ ሲገጥመው ይሰነጥቅና ጠንካራውን መሬት ያገኛል፤ ክፍለ ሀገር የትም ከተማ ያለ ጎሚስታ ያውቀዋል። ትልልቁን ጎማ የገዛኝ ልጅ በጣም ደስ ብሎት ሄደ። ስለ ፍሬኑ ነግሬዋለሁ፤ የሰማኝ ግን አይመስለኝም።

የፊት አክስሉን ቶሎ ልለፈው። ፎር ዊል አሮጌ መኪና ያላችሁ የፊት ጎማ መታጠፊያው ላይ ያለውን ክብ ብረት እዩት። ቅባትና ዘይት ተቀላቅሎ ከውጭ እንደ ቀጭን ወጥ ከፈሰሰ ውስጥ ያለው ማኅተም አልቋል። የእኔ እንደዚያ ነበር። ስንከፍተው እጄ እስከ ክርን ጥቁር ሆነ፤ ሽታው ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም። መግጠሙ ላይ ጋሼ መርካቶ በርበሬ የሚመዘንባትን የመንጠቆ ሚዛን አወጡ። መታጠፊያው ላይ አያይዘው ጎተቱ። የጥገና መጽሐፉ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ነው የሚለው፤ አራት ተኩል ላይ ተንቀሳቀሰ። "በቃ" አሉና ሚዛኗን በጨርቅ ጠቅልለው መለሱ። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሠራው ሰው ሚዛን የነበረው አይመስልም፤ በመዶሻ ነው የገጠመው። ምልክቱ አለ።

ዕቃ የማገኘው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ መሄድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የዕቃውን ስም ሳይሆን አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ነጋዴው አገላብጦ ያየዋል፣ "ወንድሜ፣ የ60 ነው የ75?" ይላል፣ ለልጁ ይወረውርለታል፣ ልጁ ይጠፋል፣ እናንተ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ልጁ ከሌላ ሱቅ ይዞት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ፌክ ይሻላል፤ ኩሽኔታ ላይ ግን ይህን ሕግ አልሞክረውም። ኩሽኔታ አዲስ ብቻ።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት በጣም ተወደደ። በጥር 2016 መንግሥት የናፍጣና የቤንዚን የቤት መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ፣ ኤሌክትሪክ ብቻ እንደሚፈቀድ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ጠይቄ "ነገ እመጣለሁ" ያልኩበት ነገ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ኮሪደር ልማቱም ሲመጣ ብዙ የማውቃቸው የመንገድ ዳር ሠራተኞች ከመሐል ከተማው ተነሡ። የማርሚታ በያጁን አሁን በስልክ ነው የማገኘው፤ የት እንዳለ በየሳምንቱ ይለያያል።

አንድ ነገር ብቻ ሆን ብዬ አልመለስኩም። የድሮ 2ኤች በቁልፍ ሲጠፋ ናፍጣውን የሚቆርጠው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የእኔዋ ተቃጥሎ ነበር፤ አንዱ ብልህ በምትኩ ገመድ ስቦ እስከ ዳሽቦርዱ አምጥቶ ጫፉ ላይ የመሳቢያ እጀታ አስሮበታል። የእንጨት መሳቢያ፣ የቁም ሳጥን ዓይነት። መኪናዋን ለማጥፋት ትስባላችሁ። መኪና የሚያቆሙልኝ ልጆች ቁልፉን አውጥተው ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቀር የሚያሳዩትን ፊት ማየት በጣም ስለምወድ ትቼዋለሁ። ጋሼም ፈተሹትና "ይሄኛው ገብቶታል" አሉ። ከእሳቸው ይህን ምስጋና እኔ እስካሁን አላገኘሁም።

የጨመርኳቸው ሁለቱ? አንዱ የናፍጣ ውሃ ለይቶ የሚያስቀር ተጨማሪ ፊልትሮ ነው፤ ከሥሩ ባለችው መፍቻ በየወሩ አወርዳለሁ፤ አንዳንዴ ግማሽ ሲኒ ውሃ ይወጣል፣ ያውም ከታወቀ ማደያ። ሁለተኛው የፊት መብራት ነው። መብራቷ የሻማ ነበር። አምፖሉን ሳይሆን ሽቦውን ለካሁት፦ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት፣ አምፖሉ ጋ ሲደርስ 10.8። መንገድ ላይ ነው የቀረው፤ ዳሽቦርድ ዞሮ፣ በአሮጌ ማብሪያ አልፎ ስለሚመጣ። ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ በሪሌ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ፣ አመጣሁለት። ያው አምፖል፣ ሌላ መኪና። ጣሪያ ላይ የሚደረደረውን የመብራት ሰልፍ የሚሹ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ቢሞክሩ ደስ ይለኛል።

ሞተር ስለ መቀየርም በየሳምንቱ እጠየቃለሁ። ሊብሬዬ ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ኮፋኖው ሥር ያለው አንድ ነው። ለዓመታዊ ምርመራ ስሄድ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ያነብባል፣ ይጽፋል፣ ቦሎዬን ይዤ እወጣለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት አልፈልግም።

ያልተፈታ አንድ ብልሃት ቀርቷል። የኋላ በሯ ዝናብ ያስገባል። ጎማው ሲያልቅ አንዱ ሲልከን ሞልቶበታል፣ ሲልከኑ ሲላቀቅ ሌላው ሬንጅ ቀብቶበታል፣ በሬንጁ ላይ ደግሞ የብስክሌት ከመነዳሪ ተቆርጦ ተለጥፏል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ክረምት። ባለፈው እሑድ ግማሹን በቢላዋ ፍቄ አወጣሁት፤ ሥሩ ያለው ላሜራ ከአንድ ቦታ በስተቀር ደህና ነው። ግንቦት እያለቀ ነው። ቅዳሜ የተረፈውን ጎማ ቁራጭ ይዤ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ።